ሳማና አሉማ ስለማቆየት ጠይቁኝ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ከሜዳ የተለቀመ ጎመን ቤት ውስጥ ስለማስቀመጥ የማውቀውን እመልሳለሁ ጠይቁ።

ጥ፦ ከመንዝ። ሳማው የሚበዛው ሐምሌ ነሐሴ ነው፣ ላድርቀው ስል ይሻግትብኛል ምን ላርግ?
መ፦ እህቴ ፀሐይ በሌለበት እንዴት ይድረቅልሽ! የክረምቱን ቀቅለሽ ፍሪዘር አስገቢው፣ የሚደርቀውን መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ልቀሚ፣ ያኔም አበባ ያልያዘውን ለጋ ጫፉን ብቻ። ሰፌድ ላይ ሳሳ አርገሽ ጥላ ሆኖ ንፋስ የሚያገኘው ቦታ አስጪው፣ ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው መልኩም ቫይታሚን ኤውም ይሄዳል። ስትጨብጪው ከሽ ብሎ ከደቀቀ ደርቋል፣ እንደ ቆዳ ከታጠፈ ገና ነው፣ እሱን ጠርሙስ ከከተትሽው የደረቀውንም ያሻግተዋል።

ጥ፦ ለፍሪዘር ስንት ደቂቃ ይቀቀል?
መ፦ አብዛኛው ሰው 2 ደቂቃ ይላል፣ እኛ ጋ ግን ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ እኔ 3 ደቂቃ እላለሁ። ከዛ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጭምቅ አርጎ ለአንድ ድስት የሚበቃውን በላስቲክ በላስቲክ። መለብለቡም እዛው ይጠፋል።

ጥ፦ መብራት ሲጠፋስ?
መ፦ አትክፈቱት። ሙሉ ከሆነ 2 ቀን፣ ግማሽ ከሆነ 1 ቀን ይይዛል።

ጥ፦ ቀቅዬ ጠርሙስ ውስጥ ዘይት አፍስሼበት ባሽገውስ?
መ፦ ወንድሜ በናትህ ይሄን ተወው! ጎመን አሲድ የለውም፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ደግሞ አየር በሌለበት ነው መርዙን የሚያወጣው፣ ሽታውም መልኩም ሳይቀየር ሰው ሊገድል ይችላል። የባክቴሪያውን ዘር ተራ ፍላት አይገድለውም፣ ደጋ ላይ ደግሞ ጭራሽ።

ጥ፦ ከሸዋ ሮቢት። አሉማስ?
መ፦ አያያዙ ያው ነው፣ እናንተማ ቆላ ስለሆናችሁ ለማድረቅ ታድላችኋል። ግን ስትለቅሙ አስተናግር የሚባለው መርዛማ አረም እንዳይቀላቀልበት ቅጠል በቅጠል እዩት፣ መርዙ ቢደርቅም ቢቀቀልም አይጠፋም። ፀረ አረም ከተረጨ ማሳና ከአስፋልት ዳር ደግሞ ጭራሽ አትልቀሙ፣ ማጠብ አያድነውም።

ጥ፦ የደረቀው ለሁዳዴ ይደርሳል?
መ፦ በደንብ ይደርሳል፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ጠርሙስ ውስጥ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ቀድማችሁ አትፍጩት፣ ቅጠሉ እንዳለ ሲቀመጥ ሽታውን ይይዛል፣ ስትሰሩ በእጃችሁ አድቅቃችሁ የገብስ ዱቄቱ ላይ ጣል አርጉት።