ጅቡቲና በርበራ፦ ፈረንሳይና እንግሊዝ ጎን ለጎን ስለያዟቸው ሁለት ሶማሊላንዶች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምንነጋገረው ፈረንሳይ ስለያዘችው የሶማሌ ጠረፍ (የዛሬዋ ጅቡቲ) እና ከጎኑ እንግሊዝ ስለያዘችው የዘይላ፣ የቡልሃርና የበርበራ ጠረፍ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዛፍ የማይበቅልበት ጠረፍ ላይ ሁለት ኃያላን ምን ፈልገው ነው የተፎካከሩት?

የፈለጉት ለየቅል ነው፤ በኋላ የምናየው ልዩነት ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው። እንግሊዝ በየመን ጠረፍ ያለችውን ኤደንን በ1839 ከያዘች ወዲህ የጦር ሰፈሯ ሥጋ የሚበላው ከበርበራ በሚጫን በግና ከብት ነበር። በ1884 ግብፆች ጠረፉን ለቀው ሲወጡ እንግሊዝ ከጎሳዎቹ ጋር እየተዋዋለች የገባችው ይህ ንግድ እንዳይቋረጥ፣ ሌላ ኃይልም ከኤደን ፊት ለፊት እንዳይተከል ነው። እስከ 1898 ድረስ ግዛቱ የሚተዳደረው ከኤደን ነበር፤ ኤደን ራሷ በሕንድ ላለው የእንግሊዝ የቦምቤይ አስተዳደር ተጠሪ ነበረች።

ፈረንሳይ ኦቦክን በ1862 ገዝታ ሃያ ዓመት ያህል እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ያነቃት ከቻይና ጋር የገጠመችው ጦርነት ነው፤ እንግሊዝ ኤደን ላይ ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች የድንጋይ ከሰል ስትከለክል፣ የራሷ ማከማቻ እንደሚያስፈልጋት ገባትና ሌዎንስ ላጋርድን ገዥ አድርጋ በ1884 ላከች። ኦቦክ ግን ከመሐል አገር ለሚመጣ ቅፍለት የማይመች ስለሆነ፣ በ1888 ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ጅቡቲን ቆረቆሩ።

ጥያቄ፦ ድንበሩን ማን አሰመረው? ጎሳዎቹ ተጠይቀዋል?

አልተጠየቁም። በየካቲት 1888 ለንደንና ፓሪስ ደብዳቤ ተለዋውጠው ከሎያዳ የውኃ ጉድጓዶች ተነስቶ ወደ ጅልዴሳ የሚያመራ መስመር ተስማሙ። የኢሳ ጎሳ በዚህ መስመር ለሁለት ተከፈለ። በዚያው ስምምነት ሁለቱም ሐረርን ላለመያዝ ቃል ተገባቡ፤ ሐረርን ግን ምኒልክ በጥር 1887 አስገብተዋት ነበር።

ጥያቄ፦ የምኒልክ ጠመንጃ በየትኛው በር ነው የገባው?

በብዛት በፈረንሳዮቹ በር፣ መጀመሪያ በኦቦክና በታጁራ፣ ኋላም በጅቡቲ። እንግሊዝና ኢጣሊያ የመሣሪያ ንግዱ እንዲታገድ ሲወተውቱ፣ ፈረንሳዮቹ ምኒልክን ወዳጅ ማድረግ ስለፈለጉ በሩን አልዘጉም። ላጋርድ ከንጉሠ ነገሥቱ «የእንጦጦ መስፍን» የሚል ማዕረግ እስከማግኘት ደርሷል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እንግሊዞቹ ለምን ከዘይላ ወይም ከበርበራ የባቡር ሐዲድ አልዘረጉም? ሐረር ለዘይላም ቅርብ ናት እኮ።

ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ውል ነው። ምኒልክ በ1894 ለስዊሳዊው መሐንዲስና አማካሪያቸው ለሙሴ ኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ ከባሕር ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ተፎካካሪ ሐዲድ እንዳይሠራ ይከለክላል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ለለንደን ይህ ግዛት የሥጋ ገበያ እንጂ ካፒታል የሚፈስበት ቦታ አልነበረም።

የፈረንሳዩ መስመር ራሱ ብዙ ተንገዳግዷል። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ሽቅብ መውጣቱ ወጪ ያንራል፤ ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደርጎ በ1902 መጨረሻ ላይ ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ደረሰ፤ ከተማዋም በዚሁ ተወለደች። ኩባንያው ግን ገንዘብ አጥሮት ነበር። የእንግሊዝ ባለሀብቶች አክሲዮን እየገዙ ሲገቡ የፈረንሳይ መንግሥት ደንግጦ በየካቲት 1902 በዓመት 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊደጉም ተዋዋለ፤ በምትኩ ቁጥጥሩን ወሰደ። ምኒልክ ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ በሌላ መንግሥት እጅ መግባቱን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ሥራውም ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ከ1906ቱ የሦስቱ መንግሥታት (የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ) ውልና ከ1908ቱ አዲስ ፈቃድ በኋላ ቀጥሎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ይደርስ ነበር።

ዘይላን የገደላት ይኸው ነው። ወደቧ ጥልቀት ስለሌለው መርከብ ርቆ መልህቅ ይጥላል፣ ጭነቱ በጀልባ ይመላለሳል። ነጋዴው ሐዲድ ሲያገኝ ይህን ሁሉ የሚታገስበት ምክንያት አልነበረውም።

ጥያቄ፦ የተራው ሰው ኑሮ በየትኛው ይሻል ነበር?

ጅቡቲ ከተማ ለገባ የወደብ፣ የባቡርና የጨው ሥራ ነበር፤ ከከተማው ውጪ ያለው አርብቶ አደር ግን ከመንግሥቱ ያገኘው ጥቂት ነው። በእንግሊዙ በኩል ደግሞ መንግሥቱ ራሱ ቀጭን ነበር። ከደርቪሾች መሪ ከሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ጋር ከ1899 ጀምሮ ሲዋጋ ቆይቶ በ1910 ወደ ጠረፍ ከተሞች ሸሸ፤ መሐል አገሩ በጎሳዎች መተላለቅ ታመሰ። በ1920 አሥራ ሁለት አውሮፕላኖች መጥተው የሰይዱን ምሽጎች በቦምብ ደበደቡ። በ1922 ቡራኦ ላይ ቀጥተኛ ግብር ሊጥሉ ሲሉ ሕዝቡ ተነሳ፣ ካፒቴን ጊብ ተገደለ፣ እንደገና አውሮፕላን ተላከ። ግብሩ ግን ቀረ። ግብር ከሌለ ደግሞ ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም በምን ይሠራ? የግዛቱ ኋላ መቅረት ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ጥፋቱን ግን በሕዝቡ ላይ አልጥልም። አንዳች አገልግሎት ሳያይ ክፈል የተባለ ሰው እምቢ ቢል አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሁለቱ ተዋግተዋል?

በቀጥታ ጦርነት ሳይሆን በረሃብ። ፈረንሳይ በ1940 ስትወድቅ ጅቡቲ ከጀርመን ጋር ለተስማማው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት አደረች። በነሐሴ ኢጣሊያ የእንግሊዙን ሶማሊላንድ ያዘች፤ በመጋቢት 1941 እንግሊዝ በርበራን አስመልሳ ጅቡቲን በባሕርም በየብስም ከበበች። ገዥው ኑዋይታ አልበገርም አለ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ሕዝቡ ነው። አትክልትና እህል ጠፍቶ የምግብ እጥረት በሽታ ገባ። ከተማዋ ከእንግሊዝ ጎን ለተሰለፈው የደጎል ነፃ ፈረንሳይ የተሰጠችው በታኅሣሥ 1942 ነው።

ጥያቄ፦ የሐውድ ጉዳይ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

በ1897 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሮድ ከምኒልክ ጋር ሲዋዋል ሐውድ የሚባለውን የግጦሽ ምድር ለኢትዮጵያ ለቀቀ፤ ጎሳዎቹ ግን ተሻግረው የማሰማራትና ጉድጓዶቹን የመጠቀም መብታቸው ተጠበቀ። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ እንግሊዝ ሐውድን በጊዜያዊነት ይዛ ቆየችና በኅዳር 1954 በተፈረመው ውል መለሰች። ሶማሌዎቹ «ከእናንተ ጋር የተዋዋልነው መሬታችንን እንድትጠብቁልን ነው» ብለው አቤቱታቸውን እስከ ለንደን አደረሱ። በበርበራና በሐርጌሳ ፖለቲካውን ያጋጋለው ይህ ቁጣ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አንዱ በ1960፣ ሌላው በ1977 ነፃ የወጣው ለምንድን ነው?

እንግሊዝ የምትይዘው ጥቅም አልቀረላትም። ሰኔ 26 ቀን 1960 ለቀቀች፣ ከአምስት ቀን በኋላ ግዛቱ ቀድሞ ኢጣሊያ ከያዘችው ከደቡቡ ሶማሊያ ጋር ተዋሐደ። ፈረንሳይ ግን ወደቡን አልለቅም አለች። በ1958ቱ ሕዝበ ውሳኔ ሦስት አራተኛው ድምፅ ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጠ፤ የነፃነት ታጋዩ ፖለቲከኛ መሐሙድ ሐርቢ ተቃውሞ ሲቀሰቅስ ነበር። በ1967 ድጋፉ ወደ 60 በመቶ ወረደ። አፋሮች በብዛት ለመቆየት፣ ሶማሌዎች ለመውጣት ድምፅ ስለሰጡ፣ አስተዳደሩ ይህን ክፍፍል ተጠቅሞበታል። ከድምፁ በኋላ ግዛቱ «የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት» ተባለ፤ በእነዚያው ዓመታት በጅቡቲ ከተማ ዙሪያ ሰው ከውጭ እንዳይገባ የሽቦ አጥር ታጠረ። ነፃነት የመጣው ሰኔ 27 ቀን 1977 ነው።

ጥያቄ፦ አጭር ጥያቄ፣ የሚገበያዩበት ገንዘብ ምን ነበር?

በእንግሊዙ በኩል የሕንድ ሩፒ፣ ከ1941 በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ። ጅቡቲ በ1949 የራሷን ፍራንክ ከዶላር ጋር አሰረች። ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፤ ይህ ዋጋ እስካሁን አልተነካም።