አልማዝ የሚለው ስም አርጅቷል ወይ?

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ ሳልመልስልሽ ማለፍ አልሆነልኝም። እናትሽ ሕፃኗ በአያትሽ ስም አልማዝ እንድትባል ትፈልጋለች። ባለቤትሽ ደግሞ «የድሮ ስም ነው፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ትሳቀቃለች» ይላል። አንቺም መሀል ቤት ሆነሽ የስሙን ትርጉም፣ ከየት እንደመጣና ለምን እንደጠፋ ጠየቅሽ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። ከሰባዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት ስም ስጠራ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ባለቤትሽ ያነሳውን ነገር በቅርብ አይቼዋለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

ከትርጉሙ ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። አልማዝ ያው የከበረው ድንጋይ ነው። ቃሉ ከዐረብኛው «አልማስ» የመጣ ነው። ዐረብኛው ደግሞ ከጥንቱ የግሪክ ቃል «አዳማስ» የተገኘ ነው፤ የማይበገር፣ የማይሸነፍ ማለት ነው። ፋርሶችም «አልማስ» ይሉታል፣ ቱርኮች «ኤልማስ»፣ ሩሲያውያን ልክ እንደኛ «አልማዝ»። ኪርጊዞች ዘንድ እንዲያውም የወንድ ስም ነው። ከ2011 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የኪርጊስታን ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰው አልማዝቤክ አታምባዬቭ ይባላሉ። እኛ ጋ ግን አልማዝ ሴት ናት፣ ሁሌም።

አሁን ብዙ ወላጅ የልጁን ስም ትርጉም ከቴሌግራም ላይ ነው የሚለቅመው። «በዕብራይስጥ የፈጣሪ ስጦታ ማለት ነው» የሚል ዝርዝር ያገኛል፣ እውነት ይሁን ውሸት የሚያጣራ የለም። ወላጆች እንዲህ ያለውን ትርጉም እየነገሩኝ ሰምቼ፣ ሌላው ወላጅ ለዚያው ስም ፈጽሞ ሌላ ትርጉም ሲነግረኝ አጋጥሞኛል። የአልማዝ ትርጉም ግን የጎረቤት ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ልጅሽ አድጋ «ስሜ ምን ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቅሽ አትደናገሪም።

አንድ ልብ ያልኩት ነገር አለ። የእናቶቻችንን ስሞች ብታይ አብዛኞቹ የሚናገሩት ነገር አላቸው። ወርቅነሽ፣ ብዙነሽ፣ ጥሩነሽ፣ ሁሉም ልጅቷን «እንዲህ ነሽ» ይሏታል። አስናቀች፣ አየለች፣ አበበች ያደረገችውን ይናገራሉ። ማስረሻና ምትኬ ቤቱ የደረሰበትን ይናገራሉ። አልማዝ ላይ «ነሽ» የለም። ዝም ብሎ አልማዝ ነው። እናቴ በልጅነቷ የከተማ ስም፣ የሠለጠነ ሰው ስም ይባል እንደነበር ትነግረኝ ነበር። ለእኔም እውነት ይመስለኛል። ወርቁን ሰው ያውቀዋል፤ ጆሮ ላይ፣ አንገት ላይ ያየዋል። አልማዝን ግን ብዙ ሰው በስም እንጂ በዓይኑ አያውቀውም ነበር። ስለዚህ ልጁን አልማዝ ያለ ሰው፣ አይቶት የማያውቀውን ከሁሉም የከበረ ነገር ነው የሰጣት። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ወሎ፣ ደላንታ ወገልጤና ላይ ዓለም የወደደው ኦፓል ተገኝቷል። ልጁን ኦፓል ያለ ሰው ግን እስከዛሬ አልገጠመኝም። የድንጋይ ስም የማውጣቱ ዘመን ያኔ አልፎ ነበር ማለት ነው።

ወደ ክፍል ልውሰድሽ። ሥራ ስጀምር አልማዞች ተማሪዎቼ ነበሩ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልማዝ መኖሩ ማንንም አይገርምም ነበር። የአባት ስም ካልተጨመረ ሁለቱም «አቤት» ይላሉ። ልጆቹ ራሳቸው «ትልቋ አልማዝ፣ ትንሿ አልማዝ» ብለው ይለዩዋቸው ነበር። ገነት፣ አስቴር፣ ወርቅነሽ፣ ዘነበች አብረዋቸው አንድ ዴስክ ይጋራሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ ደብተሩ ተቀየረ። ትዕግሥት፣ ሰላምና ህይወት በዙ። ቀጥሎ ሜሮን፣ ሄለን፣ ራሔል፣ ቤተልሔም መጡ። አንድ ጊዜማ ቤተልሔም ብዬ ስጠራ ከየማዕዘኑ «አቤት» ይመጣ ነበር። አልማዝ ታዲያ የት ሄደች? ወላጅ አምጡ ስል የምትመጣው እናት ሆናለች። «የእናት ስም» የሚለው ቦታ ላይ ነው የማገኛት። በመጨረሻዎቹ ዓመታቴ ደግሞ ተማሪዎቹ ሶሊያና፣ ሀሴት፣ አርሴማ፣ ኤልዳና ሆኑ። አልማዝ አሁን በር ላይ ቆማ ልጅ የምትቀበለው አያት ናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የልጅቷን ቦርሳ በአንድ ትከሻ አንግታ።

ስለዚህ ስሙ የጠፋው አስቀያሚ ሆኖ አይደለም። በአንድ ዘመን በጣም ስለተወደደ ነው የጠፋው። ሰው ልጁን ሲሰይም የራሱን እናት፣ አክስት፣ የጎረቤቱን ሴት ስም ይሸሻል። አልማዝ ደግሞ የሁሉም ሰው አክስት ነበረች። እኛ ጋ ልጅ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው፣ የአያትን ስም ለልጅ ልጅ የማውረስ ጠንካራ ልማድ በብዙ ቤት የለም። ስለዚህ ስሙን የሚመልሰው ሰው አልነበረም። በዚያ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስና የቅዱሳን ስም ከተማውን ሞላው። ድሮ ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ ትባላለች፤ የቤት ስሟ ግን አልማዝ ነው። አሁን ብዙ ቤተሰብ መጠሪያውንም ከዚያው ከቤተ ክርስቲያን ይወስዳል። ይሄ ክፉ ነገር አይደለም። ግን ከአፍ ወደ አፍ የመጡት ስሞች ቦታ አጡ።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ምክንያት ነው። በድራማም በቀልድም እነዚህ የእናቶቻችን ስሞች ለቤት ሠራተኛ፣ ለገጠሬ ሴት እየተሰጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከገጠር መጥተው ስማቸውን የቀየሩ ልጆች አውቃለሁ። ሴት ልጅ በወለዷት ሰዎች ስም እንድታፍር ማድረግ ትልቅ በደል ነው። ይሄን ስል ባለቤትሽን እየወቀስኩ አይደለም፤ እሱም የሚያስበው ለልጁ ነው።

ትሳቀቃለች ላለው ነገር ያየሁትን ልንገርሽ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አራተኛ ክፍል አንዲት አልማዝ ነበረችኝ። ከክፍሉ ብቻ ሳይሆን ከግቢው ብቸኛዋ እሷ ነበረች። ልጆቹ «እማማ አልማዝ» ይሏታል። አንድ ቀን «ቲቸር፣ አልማ ብለው ይጥሩኝ» አለችኝ። ነገሩ ያሳስበኝ ነበር። ያ ዓመት አልፎ ክረምት ገባ። ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሯጯ አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጠች። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም ያልነካውን የዓለም ክብረ ወሰን በ14 ሰከንድ ሰበረችው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጅቷን ማንም «እማማ» አላላትም። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ «አያና! አያና!» እያሉ ያሯሩጧት ነበር። እሷም አልማ የሚለውን ከዚያ በኋላ አላነሳችብኝም።

ከዚህ የገባኝ፣ ልጆች የሚያሾፉት ሰው አልባ በሆነ ስም ላይ ነው። ከስሙ ጀርባ የሚያውቁት ሰው ሲኖር ይለወጣሉ። ልጅሽ ሁለት አልማዝ ከጀርባዋ ይኖራታል፤ ሯጯና አያትሽ። ሌላም ጨምሪላት ካልሽ፣ የካርልሄንዝ በም ባለቤት አልማዝ በም አለች። ባሏ የመሠረተውን «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን የእርዳታ ድርጅት በኋላ የመራችው ኢትዮጵያዊት እሷ ናት። ስለ አያትሽ ግን ከሕፃንነቷ ጀምረሽ ንገሪያት። ፎቶዋን አሳዪያት። ምን ትወድ እንደነበር፣ እንዴት እንዳሳደገቻችሁ አውሪላት።

ውጭ አገር ለመኖር ታስባላችሁ እንደሆነም ስሙ አያስቸግርም። «ጥ» የለበት፣ «ጽ» የለበት፣ «ቅ» የለበት። ጀርመን ያለችው እህቴ ጥሩነሽ ናት፤ ስሟን በትክክል የሚጠራላት ፈረንጅ እስካሁን አላገኘችም። ጎረቤቷን አልማዝን ግን ሁሉም ከነለዛዋ ይጠሯታል። በዐረብ አገር ደግሞ «አልማስ» ብለው ወዲያው ትርጉሙን ያውቁታል። ቤት ውስጥም አልሚ፣ አልሙ፣ አልምዬ እያላችሁ ታቆላምጧታላችሁ።

የእኔ አስተያየት ይሄው ነው፤ አልማዝ በሏት። ግን የምለምንሽ ነገር አለ። እናትሽን ለማስደሰት ብቻ ቤት ውስጥ አልማዝ፣ ወረቀት ላይ ሌላ እንዳታደርጉት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ወረቀቱን የምናበላሸው ግን እኛ ነን። በአንድ ስም ተመዝግበው በሌላ የሚጠሩ ተማሪዎች የሚኒስትሪ ፈተና ሲደርስ ሲቸገሩ አይቻለሁ። የልደት ምዝገባ በሕጉ በተወለደች በ90 ቀን ውስጥ መሆን አለበት፣ በኋላ ስም ማስቀየር ደግሞ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ጣጣ ነው። ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር ረጋ ብላችሁ ተነጋገሩ። ስሟን ከእሱ ስም ጋር አያይዞ ደጋግሞ ይጥራው፤ አባት አፉ ላይ ካልጣመው ስሙ አይጸናም። ከተስማማችሁ ክርስትናዋ ሳይደርስ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቧት።