ሲባጎ፣ ቆርኪና ካርቶን

ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመኔ ይዛችሁ ክፍል ለምትገቡ ልጆቼ፦

እኔ እዚሁ ጎንደር ከታችኛው ክፍል ሳልወጣ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለ አንድ ርዕስ ብቻ ልንገራችሁ፤ መጠነ ዙሪያና ስፋት። ቀላል ይመስላል። እኔን ግን ዓመታት አሳስቶኛል።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ነው። ሰሌዳው ላይ ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3 የሆነ ሬክታንግል ሣልኩና በትንንሽ ካሬዎች ከፋፈልኩት። «መጠነ ዙሪያው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ልጅ ተነሥቶ «10» አለ። «14 ነው፣ ቁጭ በል» አልኩት። ደብተሩ ላይም ኤክስ አደረግኩበት። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ማን ይጠይቃል እላለሁ አንዳንዴ። ሰበብ ነው።

ከስንት ጊዜ በኋላ ሌላ ልጅ ያንኑ 10 ይዞ መጣ። አሁንስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። በጣቱ ዳር ዳር ያሉትን ካሬዎች እየቆጠረ ነው። እውነቱን ነው፣ ዳር ላይ ያሉት ካሬዎች 10 ናቸው። ግን ማዕዘን ላይ ያለ ካሬ ወደ ውጭ የሚያይ ሁለት ጎን አለው። እሱ አንዴ ብቻ ይቆጥረዋል። ማዕዘኑ አራት ነው፣ አራት ጎደለው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ርዝመትን በካሬ እየለካ ነበር። ጥፋቱም የኔ ነው። ዙሪያ ምን እንደሆነ በእጃቸው ሳይነኩት «ርዝመት ሲደመር ወርድ፣ ሲባዛ በሁለት» እያልኩ በዜማ ሳስጮሃቸው ነው የከረምኩት።

ቋንቋችንም ያሳስታል። እናት ቤት ውስጥ «የመጋረጃው ስፋት ስንት ነው?» ስትል ወርዱን መጠየቋ ነው። እኛ ደግሞ ክፍል ውስጥ «ስፋት» ስንል በዙሪያው ውስጥ የተሸፈነውን ቦታ ሁሉ ማለታችን ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ንገሯቸው።

ከዚያ ሲባጎ አውጡ። እያንዳንዱ ልጅ የደብተሩን ጠርዝ በሲባጎ ይዙር። ሲባጎውን ዘርግቶ በማስመሪያ ይለካው። ዙሪያ ማለት ያ ነው፣ የሚዘረጋ ነገር። ያንኑ ደብተር ቀጥሎ በቆርኪ ይሸፍኑት። ቆርኪ ገንዘብ አያስወጣም፣ ልጆቹ ራሳቸው ለቅመው ያመጡታል። ችግሩ ክብ መሆኑ ነው፣ በመሀል ክፍተት ይቀራል። እናንተ አትናገሩ፣ ጠብቁ። አንዱ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ እኮ አልተሸፈነም!» ይላል። ያኔ ከካርቶን የቆረጣችኋቸውን ካሬዎች አውጡ። ስፋት ለምን በካሬ እንደሚለካ የሚገባቸው ያኔ ነው። ካርቶኑን ግን ማታውኑ ቤታችሁ ቁረጡት። ክፍል ውስጥ እንቆርጣለን ብላችሁ ከተነሣችሁ ክፍለ ጊዜው በመቀስ ጠብ ያልቃል።

በማግሥቱ ሜዳ ውጡ። ጫጫታ ስለሚኖር ርዕሰ መምህሩን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። 24 ሜትር ገመድ ጫፍና ጫፉን ቋጥሩ፣ አራት ልጆች ማዕዘን ማዕዘኑን ይያዙ። መጀመሪያ 6 በ6 ያድርጉት፣ 36 ካሬ ሜትር ነው። ሌሎቹ ገብተው ይቁሙ። ከዚያ 8 በ4፣ ወደ 32 ይወርዳል። በመጨረሻ 11 በ1። ይኼ 11 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ልጆቹ እየተጋፉ፣ እየተሳሳቁ ከገመዱ ውጪ ሲቀሩ ታያላችሁ። «ገመዱን ማን ቆረጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም አልቆረጠውም። ለዚህ ጥያቄ ጊዜ አትቆጥቡ፣ ቀመሩ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ከገጠር የመጣ ልጅ ካለ ስለ ጥማድ ጠይቁት። አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ስፋት ማለት ነው። አጥሩ ስንት እሾህ እንደሚፈጅ ግን ጥማዱ አይነግረውም። እንዲህ ያለው ልጅ አንዳንዴ ከእኛ በላይ ያስረዳል።

ልጆቹን ፋሲል ግቢ የመውሰድ ዕድል ካገኛችሁ ደግሞ መጀመሪያ በውጭ በኩል ግንቡን ይዙሩት፣ ርምጃቸውንም ይቁጠሩ። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ዩኔስኮ ግንቡ 900 ሜትር ርዝመት አለው ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ የግቢው ስፋት 70,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው ተብሎ ታነባላችሁ። አንድ ማታ ቡና እየጠጣሁ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየኋቸው። በ900 ሜትር አጥር ውስጥ ሊገባ የሚችለው ትልቁ ስፋት የክብ ነው፣ እሱም ወደ 64,500 ካሬ ሜትር ነው። ግቢው ደግሞ ክብ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው አይሄዱም። ይህ ስሌት ለአራተኛ ክፍል ይከብዳል፣ ለእናንተ ግን አይከብድም። ረጅም ሜትርና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካላችሁ እኔም አብሬ እመጣለሁ።