ለፋሲካ የሸክላ ምጣድ በእሳት ይጠራ እንደ ሆነ ለጠየቅሽው እኅት

እኅቴ፣ ከጎንደር ወደ እስራኤል ከመጣሽ ሁለት ዓመት እንደ ሆነሽና እንጀራና ዳቦ እየጋገርሽ ለሰንበት፣ ለሰርግና ለበዓላችን ለሲግድ መሸጥ እንደምትፈልጊ ጽፈሽ ሁለት ነገር ጠይቀሻል፤ የካሽሩት ወረቀት (ምግቡ በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ነው የሚል ምስክር) እንዴት እንደሚወጣና ለአይሁድ ፋሲካ የሸክላ ምጣድሽን በእሳት ብታጠሪው፣ ማለት ከቦካ እህል ብታነጺው፣ ይበቃ እንደ ሆነ። የኋለኛውን አስቀድሜ ልመልስልሽ፤ አይበቃም። እኔ ይህን ያወቅሁት 180 እንጀራና ከ3,000 ሸቀል በላይ ካጣሁ በኋላ ስለ ሆነ፣ አንቺ ምንም ሳታወጪ እንድታውቂው ብዬ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

1ኛ፦ ምጣዱ። ሸክላ የጋገሩበትን ነገር ወደ ውስጡ ይመጥጣል፤ የመጠጠውን ደግሞ አይለቅም ስለሚባል ብረት ድስት በፈላ ውኃ እንደሚጠራ አይጠራም። ሸክላ ሠሪ በእቶን እንደ አዲስ ካልተኮሰው በቀር የቤት እሳት አያነጻውም። እኔ ዓመቱን ሙሉ የምጋግረው እንጀራ ጤፍ ብቻ አልነበረም፤ ጤፍ ውድ ስለ ሆነ የስንዴ ዱቄት እቀላቅልበት ነበር፣ ደንበኞቼም ይህን ያውቃሉ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግን በፋሲካ ሩዝና ጥራጥሬ የሚበሉ፣ ከኢራቅ የመጡ ጎረቤቶቼ “ጤፍ ከአምስቱ የሐመጽ እህሎች (ቦክተው ለፋሲካ ከሚከለከሉት) ወገን አይደለም፣ ለበዓሉ ለምን አትጋግሪልንም?” ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ትእዛዝ ተቀበልሁ፣ ቀብድም ያዝሁ። አዲስ የጤፍ ዱቄት ገዛሁ፣ አዲስ ባልዲ ገዛሁ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዴን ሸክላ ባዶውን ሁለት ሰዓት ሙሉ አግዬ፣ በጎመንዘር ደጋግሜ አሽቼ፣ ጨርቁ ጥቁር ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ወለወልሁት። በዓይኔ ስመለከተው ከአዲስ ምጣድ የማይለይ ነበር።

ማሽጊያሁ (የካሽሩት ተቆጣጣሪው) የመጣው እንጀራው ተጋግሮ አልቆ በሰፌድ ላይ ሲበርድ ነው። ምጣዱን በጣቱ ጫፍ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሰማና ሸክላ ነው ወይ አለኝ፤ ነው አልሁት። በዓመቱ ውስጥ ስንዴ ነክቶታል ወይ አለኝ፤ መዋሸት አልፈልግምና ነክቶታል አልሁት። ማስታወሻውን ዘጋው። ያ ሁሉ እንጀራ ለፋሲካ እንዳይሸጥ ከለከለኝ፤ ቀብዱን መለስሁ፣ እንጀራውን በዓሉ ሳይገባ ለጎረቤትና ለዘመድ አደልሁ፣ የተረፈውንም በኒሳን 14 ቀን፣ በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት፣ ከቀረው ሐመጽ ጋር አቃጠልሁት። በዚያ ሰው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ሥራውን ሠርቷል፣ ክፉ ቃልም አልተናገረኝም።

ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። እናቴ ወለቃ ውስጥ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ፋሲካ ሲቃረብ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ ማድጋውን ከቤት አውጥታ በደጅ ትሰባብረውና ለበዓሉ ብላ የሠራችውን አዲሱን ዕቃ ታስገባ ነበር። እኛ ልጆች ስባሪውን እየለቀምን እንጫወትበት ስለ ነበር ዛሬም ድረስ የስባሪው ጠርዝ ምን ዓይነት ቀይ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ኦሪት ዘሌዋውያን የረከሰ ሸክላ ይሰበር ይላል እንጂ ይታጠብ አይልም፤ እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ይህን ስትፈጽም ኖራለች፣ እኔ ግን እዚህ አገር ተምሬ፣ የብረት ዕቃ ሲጠራ እያየሁ፣ የሸክላውን ሕግ ዘነጋሁት። ለእናቴ ስነግራት “እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ ከማን ስትጠይቂ ነበር?” ብላ ዝም አለች።

ስለዚህ ለፋሲካ ሌላ ምጣድ ግዢ። የማያጣብቅ ቅባት ያለው ብረት ምጣድም ቢሆን ዓመቱን የሠራሽበትን ለማጥራት አትሞክሪ፤ የጋገሩበት ብረት እሳት እስኪመስል መጋል አለበት፣ ያን ጊዜ ቅባቱ ይበላሻል። አዲሱን ከነካርቶኑ “ለፋሲካ” ብለሽ ጽፈሽበት ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጪው።

2ኛ፦ እርሾው። ዓመቱን የምታቆይው እርሾ ስንዴ ከነካው፣ ከንጹሕ ጤፍ ጋር ብታቦኪውም ሊጡን ሁሉ ሐመጽ ያደርገዋል። እርሾሽን ድፊው፣ የነበረበትንም ዕቃ አርቂው። ነገር ግን ከዚህ በላይ ልታውቂው የሚገባ አለ፤ አጎቴ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቄስ ናቸው፣ በዚያ ዓመት ማሽጊያሁ ፈቅዶልኝ ቢሆን ኖሮ እንኳ ከዚያ እንጀራ እንደማይቀምሱ ነግረውኛል። በእኛ በቤተ እስራኤል ሥርዓት በፋሲካ የቦካ ነገር ሁሉ የተከለከለ ነው፤ ጤፍም ቢሆን ቦክቷል፣ ወተትም ቢሆን ሲረጋና ሲኮመጥጥ አይበላም። ረባኑት (የረቢዎች ጽሕፈት ቤት) የሚለው አንድ ነው፣ ቄሶቻችን ያስተማሩን ደግሞ ከዚያ ይጠብቃል፤ ሽማግሌ ያለበት ቤት እንጀራ ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት የቤቱን ልማድ ጠይቂ። እኔ ከዚያ ወዲህ በፋሲካ እንጀራ አልጋግርም።

3ኛ ልልሽ የፈለግሁት ስለ በርበሬና ስለ ሽሮ ነው። ከጎንደር በሻንጣ የሚመጣልን በርበሬ የሚፈጨው ገብስና ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ ነው፤ ለዓመቱ ምንም አይደለም፣ ለፋሲካ ግን አይሆንም። አብሽ ውስጥ ደግሞ የስንዴ ፍሬ ተቀላቅሎ ስለሚገኝ በነጭ ሳህን ላይ ፍሬ በፍሬ ካልለቀምሽው አትፍጪው። እኔ ሽምብራውንም በርበሬውንም ለበዓሉ በተለየች ትንሽ መፍጫ ራሴ እፈጫለሁ። ቡና ላይ የምናቀርበውን የገብስ ቆሎ በሽምብራ ቆሎ መተካትሽን አትርሺ፤ በልጅነቴ ከፋሲካ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ሰውነታችን ከእርሾ እንዲጸዳ እየተባለ የሽምብራ ቆሎ እንበላ ስለ ነበር፣ ሽታው ለእኔ የበዓሉ ሽታ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፣ ይህን በቁጥር ከፋፍዬ ልጽፈው አልችልም። በ1983 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በወጣው ሕግ መሠረት በዚህ አገር ያለ ካሽሩት ወረቀት ምግብሽን “ካሸር” ብለሽ ጽፈሽ መሸጥ አትችይም፤ ስለዚህ እኔም እንዳንቺ በቅን ልብ ወደ ከተማው ረባኑት ቢሮ ሄድሁ። የጤፉን ደረሰኝ፣ የወጥ ቤቱን ፎቶግራፍ፣ የምገዛባቸውን ሱቆች ዝርዝር አዘጋጅቼ ነበር። ጸሐፊው አንዱንም አላየም። መጀመሪያ የጠየቀኝ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ መጣሁ ነው፤ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ አልሁት። ቀጥሎ “የጊዩር ወረቀት አለሽ?” አለኝ፤ ወደ አይሁድነት የተለወጥሽበት ወረቀት ማለቱ ነው። ዱቄቴን ሳያይ ዘሬን መረመረ። የዚያን ጊዜው የሴፋርዲ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት በ1973 ነው፤ አክስቴ በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ በዋናው ረባኑት ፊት ለፊት፣ አይሁድነታችን ይታወቅልን ብለው፣ ሳምንታት ሙሉ ሜዳ ላይ ከተቀመጡት አንዷ ነበረች። ይህ ሁሉ ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እኔ በአንድ የከተማ ቢሮ መስኮት ላይ ለዳቦ ብዬ ያንኑ ጥያቄ መለስሁ።

ከዚያ የባሰው በሁለተኛው ቀጠሮ የመጣው ነው። ምድጃውን ጠዋት ጠዋት የምለኩሰው እኔ ሳልሆን ተቆጣጣሪው እንዲሆን የሚል ነገር በቃል ነገሩኝ። የዚህን ትርጉም አንቺም ታውቂያለሽ፤ እሳቱን አይሁዳዊ እንዲለኩሰው የሚጠየቀው ጋጋሪው አይሁዳዊ ካልሆነ ነው። አልጮኽሁም፣ አላለቀስሁም፤ ያሉትን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። በጽሑፍ አልሰጡኝም፤ እኔ ግን ከክቱባዬ (ከጋብቻ ውሌ) እና ከመታወቂያዬ ቅጂ ጋር ደብዳቤ ጽፌ ከበላያቸው ላለው ክፍል አስገባሁ፣ ቅጂው ላይም ማኅተም አስመታሁ። አራት ወር ቆይቶ ወረቀቱ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ወጣ። ዛሬ ከምድጃዬ በላይ ተሰቅሏል፣ በየዓመቱም ይታደሳል፣ እሳቱንም የምለኩሰው እኔ ነኝ። አንቺም ብቻሽን አትሂጂ፣ ዕብራይስጥ በደንብ የሚናገር ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ ያነጋገረሽን ሰው ስምና ቀኑን ጻፊ፣ በቃል የተነገረሽን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቂ። የዘር ጥያቄ ከመጣም አትቆጪ፣ አትለማመጭም፤ ወረቀትሽን አሳይተሽ ወደ ዱቄቱ መልሺያቸው።

ስለ ወጥ ቤቱ የምጨምረው ጥቂት ነው። እንጀራና ዳቦ ብቻ ከሆነ ሥራሽ ሁሉን ፓርቬ (ሥጋም ወተትም የሌለበት) አድርጊው፣ ቅቤና ወተት ወደዚያ ክፍል ጨርሶ አይግባ። በእኛ አገር ለድግስ ዳቦ ሊጥ ውስጥ ቅቤ የሚጨምር አለ፤ እዚህ ዳቦ ከሥጋ ጋር ሊበላ ስለሚችል የወተት ዳቦ አይፈቀድም፣ በዘይት አድርጊው። ዶሮ ወጥም እንዲሁ ነው፤ ዶሮ እንደ ሥጋ ስለሚቆጠር ቅቤ አይነካውም፣ ጣዕሙን የሚያመጣው ሽንኩርቱ ስለ ሆነ ዘይቱን ከማግባትሽ በፊት ሽንኩርቱን በራሱ ውኃ ረዘም ላለ ጊዜ አቁላይው፣ እንቁላሉንም እያንዳንዱን ልጠሽ ደም እንዳይኖርበት እይው። ለሲግድ በምትጋግሪው የስንዴ ዳቦ ላይ ሐላ (ከሊጡ ተቆርሶ የሚለየውን ድርሻ) መለየትን አትርሺ፤ ዱቄቱ 1.2 ኪሎ ከደረሰ ያለ ቡራኬ፣ 1.67 ኪሎ ከደረሰ በቡራኬ ይለያል፣ የሲግድ ዳቦ ደግሞ ከዚህ ሁልጊዜ ይበልጣል። ንጹሕ የጤፍ ሊጥ ይህ የለበትም፤ ስንዴ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ማሽጊያሁን ጠይቂ።

ለፋሲካ እኔ አሁን የምሠራው የሽምብራ ቂጣ ነው። የፈጨሁትን ሽምብራ በጨውና በውኃ አቅጥኜ፣ ሳላቆይ በአዲሱ ምጣድ ላይ በስሱ አፈሰዋለሁ፤ ዳሩ ሲነሣ እገለብጠዋለሁ፣ ትኩሱን ዘይትና በርበሬ ቀብቼ እጠቀልለዋለሁ። የስንዴ ቂጣ ለመሸጥ አትጋግሪ፤ ረቢዎቹ ውኃ ከነካው ጀምሮ በ18 ደቂቃ ውስጥ ተጋግሮ እንዲያልቅ ያዝዛሉ፣ ያም ለብቻው ቁጥጥር ይፈልጋል። እናቴ ሰዓት አልነበራትም፤ አንዷ እየለወሰች አንዷ እየጋገረች እጃቸው ለአፍታ ሳያርፍ ይጨርሱ ነበር።

የአሁኑን ምጣድሽን ደግሞ እኔ በንዴት እንዳደረግሁት ሰብረሽ አትጣይው። በጨርቅ ጠቅልለሽ ከሐመጹ ዕቃ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፊበት፣ ከበዓሉ በኋላ ያስፈልግሻል። አዲሱን ለመግዛት ከፋሲካ አንድ ወር ቀድሞ ከሚውለው ከፑሪም በዓል በፊት ውጪ፤ እኔ ዘግይቼ በወጣሁበት ዓመት ሱቁ ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ክዳኑ የተሰነጠቀ ነበር።