ኪዮቶ ለአንድ ቀን፣ ከእናት ጋር፦ አውቶቡሱን ተይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እናትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ቀኑም ረቡዕ ስለሆነ ይጾማሉ። የሙሉ ቀን የአውቶቡስ ጉብኝት እንግዛ ወይስ ራሳችን እንዙር ነው ያልሽው። እኔ ለስልጠና ሄጄ ሁለቱንም ሞክሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ከቡድን ጋር፣ በሳምንቱ እሁድ ብቻዬን። መልሴ፦ አስጎብኚ ያዙ፣ ግን ለግማሽ ቀን፣ ሰው ያልበዛበት። ትልቁን አውቶቡስ ተይው።

የኔ አውቶቡስ አርባ ምናምን ሰው ጭኖ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስድስት ቦታ ይላል። ወርቃማው የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ ኪንካኩጂ ጋ፣ 35 ደቂቃ ሰጡን፣ ግማሹ ሽንት ቤት የሄደ ሰው ስንጠብቅ አለቀ። ምሳ ያበሉን የስጦታ ዕቃ መሸጫ ፎቅ ላይ ነው፤ ከበላን በኋላ ደግሞ ዕቃ እንድንገዛ 40 ደቂቃ! ስድስተኛውን ቦታ በመስኮት ነው ያየነው።

አስጎብኚዋን ግን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ኪንካኩጂን የስድስት መቶ ዓመት ቤት ነው ብዬ ፎቶ ሳነሳ፣ በፈረንጆቹ 1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎት አሁን ያለው በ1955 እንደገና የተሠራ መሆኑን የነገረችን እሷ ናት። ፉሺሚ ኢናሪ ላይም እንደዚሁ፤ ይሄ ደግሞ የሺንቶ፣ የጃፓኖች የጥንት እምነት፣ መቅደስ ነው። በፎቶ የምታውቂያቸው ብርቱካንማ በሮች፣ ቶሪ የሚሏቸው፣ ወደ ላይ ስትወጪ ባዶ ናቸው። "እስቲ ዞር በሉ" አለችን። ለካ ጀርባቸው በሙሉ በጥቁር ጽሑፍ ተሞልቷል፤ በሩን የሰጠው ሰው ወይም ድርጅት ስምና የሰጠበት ቀን ነው። ኢናሪ የሩዝና የንግድ አምላክ ስለሆነ ነጋዴው ሥራዬ ይቅናልኝ ብሎ ወይም ቀንቶት ይሰጣል፣ እንደኛ ስለት በይው። በአፏ ቁልፍ የያዘችው የድንጋይ ቀበሮም የያዘችው የሩዝ ጎተራ ቁልፍ ነው አለችን። ብቻዬን ብሆን ቀበሮዋን ፎቶ አንስቼ አልፍ ነበር።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ፉሺሚ ኢናሪን በጠዋት ብቻችሁን ጨርሱት። መግቢያ አይከፈልም፣ ሌሊትም አይዘጋም፣ ከኪዮቶ ጣቢያ በናራ መስመር ባቡር ሁለተኛዋ ፌርማታ ናት፣ ወርደሽ ቀና ስትዪ ፊት ለፊትሽ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ በሮቹ መሃል የራሳችሁን እርምጃ ትሰማላችሁ፤ አራት ሰዓት ላይ ግን መርካቶ ነው። ተራራው 233 ሜትር ነው፣ ደረጃው አያልቅም። እናትሽን ተጠጋግተው የቆሙት የመጀመሪያዎቹ በሮች ድረስ ወስደሽ መልሻቸው፣ ይበቃል።

ከዚያ አስጎብኚውን ለኪንካኩጂና ለሪዮአንጂ (በድንጋይና በጠጠር ግቢው የሚታወቅ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው) ያዙ። በሁለቱ መሃል የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፣ ለእሳቸው ታክሲ ያዢ። ሪዮአንጂ ላይ የእንጨቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማረፍ ይቻላል። ፊት ለፊት ነጭ ጠጠርና 15 ድንጋይ ነው፣ ሌላ የለም። ከየትም ተቀመጪ 14ቱ ብቻ ነው የሚታዩሽ ይባላል። አላመንኩም፣ ቆጠርኩ፣ 14። ትንሽ ፈቀቅ አልኩ፣ የተደበቀው ወጣ፣ ሌላው ገባ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ጃፓናዊት ጣቴን እያዩ ሳቁብኝ። ወጣ ስል አንድ አትክልተኛ ሽበታም ራሱ ላይ ፎጣ አስሮ፣ መሬቱን የሸፈነው ሳር የመሰለ አረንጓዴ ሳረንስት (ሞስ) ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው አረሙን አንድ በአንድ ይለቅማል። ከአንድ ክንድ ቦታ ላይ ሳይነሳ ትቼው ሄድኩ።

ኪዮሚዙ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ዳገት አለው፣ ግን እናትሽ ይወዱታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ስሙ ራሱ "ንጹህ ውሃ" ማለት ነው። ከእንጨቱ ሰገነት በታች ከተራራው በሦስት ቦይ የሚወርድ ውሃ አለ፣ ሰዉ ተሰልፎ በረጅም እጀታ ጭልፋ ይጠጣል። እናቴ ብትኖር ጀሪካን ታወጣ ነበር። ሦስቱንም መጠጣት ስግብግብነት ነው ይላሉ፣ አንዱን ምረጡ።

ጾሙን በተመለከተ ተጠንቀቂ። ቶፉ ነው፣ አትክልት ነው ብለው ቢያመጡልሽም መረቁ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተሠራ ነው። "ሾጂን ርዮሪ" ብለሽ ጠይቂ፣ የመነኮሳቱ ምግብ ነው፣ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የለበትም። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ለአንድ ምሳ ይሁን።

ደግሞ ጫማ። ሪዮአንጂ ስትገቡ ታወልቃላችሁ፣ ስለዚህ ማሰሪያ የሌለው ጫማና ያልተቀደደ ካልሲ (እኔ ያፈርኩት በዚህ ነው)። ጸሎቱን ማንም አያስገድዳችሁም። በሺንቶዎቹ ቦታ ሰዉ ሳንቲም ጥሎ ሁለቴ ይሰግዳል፣ ሁለቴ ያጨበጭባል፣ አንዴ ይሰግዳል። በቡድሃዎቹ ግን ጭብጨባ የለም። እናትሽ ደስ ካላላቸው ዳር ቆሞ ማየት ነው፣ ማንም ዞሮ አያያቸውም።

የእሳቸው ጉልበት ከባሰበት ኪዮሚዙን ሰርዢው። ሪዮአንጂን ግን እንዳትሰርዢ።