አንድ መለጠፊያ ነክቼ ብዙ ገጽ አበላሸሁ፤ ጥፋቴ የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጥያቄና መልስ ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ስለ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ቡድኖች የተጻፉ ገጾችን አርማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮንፈረንስ (ቡድኖቻቸው እርስ በርስ የሚወዳደሩበትን ማኅበር) ሲቀይሩ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም ሲሰጡት ወደ ኮንፈረንሱ ገጽ የሚወስድ መያያዣ የሚያወጣ አንድ የጋራ መለጠፊያ ከፍቼ አሮጌዎቹን ስሞች በአዲሶቹ ተካሁ። በማግስቱ የ1990ዎቹ የውጤት ሰንጠረዦች ሳይቀሩ በአዲሱ ኮንፈረንስ ስም ተጽፈው ተገኙ። ሌላ አራሚ ሥራዬን ቀልብሶ «ከመንካትዎ በፊት ይጠይቁ» የሚል ማስታወሻ ትቶልኛል። ጥፋቴ የት ላይ ነው? እንዲህ ያለው መለጠፊያስ እንዴት ይጠበቃል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያስገቡት መረጃ ትክክል ነበር። ቴክሳስና ኦክላሆማ በ2024 ወደ ሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ ገብተዋል፤ በዚያው ክረምት አሥር ዩኒቨርሲቲዎች ፓክ-12 የተባለውን ኮንፈረንስ ለቀው ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ቀርተዋል። ስሕተቱ ዛሬ እውነት የሆነው ነገር ለትናንቱም እንዲሠራ መደረጉ ነው። (በዚህ መልስ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለባቸው በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መለጠፊያ በአንድ ቦታ ተጽፎ፣ ስሙ በጥንድ ጠምዛዛ ቅንፍ በተጠራበት ገጽ ሁሉ የሚታይ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ወደ ገጾቹ አይገለበጥም፤ ገጹ ለአንባቢ በሚዘጋጅበት ጊዜ ከምንጩ ይመጣል። ስለዚህ ስለ 1994 የሚያወራው ገጽ የራሱ የሆነ የ1994 ቅጂ የለውም። ብዙ አራሚዎች የማያስተውሉት ነገር ቢኖር፣ ከገጹ ታሪክ ውስጥ ከአሥር ዓመት በፊት የተቀመጠ እትም ቢከፍቱ እንኳ በውስጡ የሚታየው የዛሬው መለጠፊያ መሆኑ ነው። ምንጩን የነካ ሰው ያለፈውንም የነካው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው መለጠፊያው ከዩኒቨርሲቲው ስም ጋር ዓመቱንም እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። የስታንፎርድን ፉትቦል (የአሜሪካ እግር ኳስ) ቡድን እንውሰድ። ኮንፈረንሱ እስከ 1977 የውድድር ዘመን ፓክ-8 ይባል ነበር፤ በ1978 ፓክ-10፣ በ2011 ደግሞ ፓክ-12 ሆነ፤ በ2024 ዩኒቨርሲቲው ራሱ ወደ አትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ተሻገረ። ቅጽል ስሙም እንዲሁ አልረጋም። «ኢንዲያንስ» የሚለው በ1972 ቀርቶ «ካርዲናልስ» ተባለ፤ በ1981 ደግሞ በነጠላ «ካርዲናል» ሆነ፤ ስሙ የሚያመለክተውም ወፏን ሳይሆን ቀዩን ቀለም ነው። ዓመት የማይጠይቅ መለጠፊያ ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ስለሚይዝ በሌሎቹ ዘመናት ገጾች ላይ ሐሰት ይጽፋል። አዲስ ለውጥ ሲመጣ አሮጌውን መስመር አይሰርዙ፤ የማብቂያ ዓመት ይስጡትና አዲሱን ከሥሩ ይጨምሩ።

ባዶ የሚቀር ዘመንም እንዳለ አይርሱ። የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ «ፋይቲንግ ሱ» የሚለውን ስም በ2012 ትቶ «ፋይቲንግ ሆክስ»ን የመረጠው በ2015 ነበር፤ በመካከሉ ላሉት ዓመታት ቅጽል ስም አልነበረውም። መለጠፊያዎ ቅጽል ስም ካልተሰጠው የስሕተት መልእክት የሚያወጣ ከሆነ የእነዚያን ዓመታት ገጾች በሙሉ ያበላሻል።

አሁን ደግሞ የገጹን ርእስ ከዓመት፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከቅጽል ስምና ከስፖርቱ ዓይነት ራሳቸው ገጣጥመው መያያዣ ወደሚሠሩት መለጠፊያዎች እንለፍ፤ ከሁሉም የሚያስቸግሩት እነርሱ ናቸውና። ፉትቦል የውድድር ዘመኑ በአንድ ዓመት ይጠራል፤ ቅርጫት ኳስ ግን በሁለት ዓመት፣ «2023–24» እየተባለ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ረዘም ያለው ሰረዝ ነው፤ በኮምፒዩተር ሰሌዳ ላይ በቀላሉ የሚገኘው አጭሩ ሰረዝ ከተጻፈ ለዓይን ያው ቢመስልም ለሶፍትዌሩ ሌላ ርእስ ነው፤ መምሪያ መንገድ (ከአንድ ርእስ ወደ ሌላው በራሱ የሚያሻግር ገጽ) ካልተሠራለት መያያዣው ቀይ ይሆናል፤ ገጹ የለም ማለት ነው። ክፍለ ዘመኑ የተሻገረበት የውድድር ዘመን ደግሞ «1999–2000» ተብሎ በሙሉ ይጻፋል እንጂ «1999–00» አይባልም፤ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲቀጥል የተሠራ ቀመር በዚህች አንዲት ዓመት ላይ ሁልጊዜ ይሰናከላል።

የሴቶቹ ቡድኖች ገጽ ላይ ያለው ችግር ከዚህ ይልቃል። ልማዱ «የሴቶች ቅርጫት ኳስ» ብሎ መሰየም ቢሆንም፣ የቴኔሲዎቹ «ሌዲ ቮለንቲርስ» ስማቸው ራሱ ሴትነታቸውን ስለሚናገር በርእሳቸው ላይ «የሴቶች» የሚል ቃል አይገባም። ይህን ልዩነት ያላወቀ መለጠፊያ የሌለ ገጽ ይፈልጋል፤ ሲያጣም አንባቢውን ወደ ሌላ ቦታ ይልካል። እንዲህ ያለው ርእስ የሌሎቹን ልማድ እንዲከተል ተብሎ መታረም የለበትም፤ ርእሱ በትክክል የቆመው እንዳለ ነው፤ መታረም ያለበት መለጠፊያው ነው። በእኔ እምነት ልዩ ሁኔታዎቹ ከበዙ ብልጥ ቀመር ከመጨመር ይልቅ በዚያ ቦታ ሙሉውን መያያዣ በእጅ መጻፍ ይሻላል፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው አራሚ ያለ አስተርጓሚ ሊያነበው ይችላልና።

ስለ ፍተሻውም ጥቂት ልበል። እነዚህ መለጠፊያዎች የአንድ የውድድር ዘመን ገጽ መኖር አለመኖሩን አስቀድመው ይፈትሻሉ፤ ካለ ወደዚያ፣ ከሌለ ወደ ቡድኑ አጠቃላይ ገጽ ያያይዛሉ። አሠራሩ ለአንባቢ ደግ ነው፤ ቀይ መያያዣ አያሳየውም። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ፍተሻውን እንደ ከባድ ሥራ ስለሚቆጥረው በአንድ ገጽ ላይ ከ500 በላይ አይፈቅድም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ «ገጹ የለም» ተብሎ ይታለፋል። በጣም ረጅም ሰንጠረዥ ላይ ከላይ ያሉት ቡድኖች ወደ ትክክለኛው ዓመት ገጽ ሲወስዱ፣ ከታች ያሉት ግን ገጻቸው እያለ ወደ አጠቃላዩ የሚወስዱ ከሆነ፣ ስሞቹን በመነካካት አይድከሙ፤ ሰንጠረዡን ይክፈሉት።

በገጾች ግርጌ የሚቀመጡት የአሰሳ ሳጥኖች (ወደ ተዛማጅ ገጾች የሚወስዱ መያያዣዎች የተሰበሰቡባቸው) አንድ የተለየ ሕግ አላቸው። በተራ ጽሑፍ ውስጥ በመምሪያ መንገድ የሚያልፍ መያያዣን ማስተካከል አያስፈልግም። በሳጥን ውስጥ ግን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሳጥኑ እርስዎ በሚያነቡት ገጽ ላይ ሲታይ የዚያው ገጽ ስም ደምቆ መያያዣነቱን ይተዋል፣ አንባቢውም የት እንዳለ ያውቃል። መያያዣው በመምሪያ መንገድ የሚያልፍ ከሆነ ስሙ አይደምቅም፤ አንባቢው ተጭኖት ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ስለዚህ የቡድን ገጽ ስሙ በተቀየረ ቁጥር ሳጥኑንም መጎብኘት ይገባል።

የአሠራሩን ቅደም ተከተል በተመለከተ፣ ለውጡን መጀመሪያ በመለጠፊያው የሙከራ ንዑስ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ «ከዚህ መለጠፊያ ጋር ገጽ አሳይ» በሚለው ቅድመ እይታም ቢያንስ አንድ አሮጌ፣ አንድ አዲስ፣ አንድ የሴቶች ቡድን ገጽ ይመልከቱ። ነባሮቹ ገጾች የሚጠቀሙበትን የመስክ (ለመለጠፊያው መረጃ የሚሰጥበት ቦታ) ስም አይለውጡ፤ አዲስ መስክ ከፈለጉ በጎን ይጨምሩ። ካስቀመጡ በኋላ ገጾቹ ሁሉ ወዲያው አይለወጡም፤ ወረፋ ይጠብቃሉ። አልሠራም ብለው በችኮላ ደግመው አያርሙ። እጅግ ብዙ ገጽ የሚጠቀምባቸው መለጠፊያዎች የተቆለፉ ስለሆኑ በ2013 ለተጀመረው የመለጠፊያ አራሚነት ፈቃድ ባለቤቶች በውይይት ገጹ ጥያቄ ማቅረብ ነው። የቀለበሰልዎ አራሚም በዚያ ገጽ ላይ ያገኙታል፤ ያዘጋጁትን በዓመት የተከፈለ ቅጂ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በአማርኛው ውክፔዲያ ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ መጻፍ ጀምሬአለሁ። የእንግሊዝኛውን የመያያዣ መለጠፊያ እንዳለ ብወስደው ይሆናል?

መልስ፦ አሁን አይውሰዱት። ሊያያይዛቸው የሚገቡት ገጾች ገና አልተጻፉም፤ መጀመሪያ የቡድኖቹን አጠቃላይ ገጾች ይጻፉ፣ በእጅም ያያይዙ። መለጠፊያው የሚያስፈልግዎት አንዱን ርእስ በብዙ ገጽ ላይ ደጋግመው መጻፍ ሲሰለችዎት ነው።

ጊዜው ሲደርስ ግን አስቀድመው የሚወስኑት የዓመት አቆጣጠሩን ነው። ነገሩ በእኛ አቆጣጠር ይገለበጣል። የ2023–24 የቅርጫት ኳስ ውድድር ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ስለሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በ2016 ዓ.ም. ውስጥ ያልቃል። የ2024 ፉትቦል ደግሞ ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ኦሃዮ ስቴት ኖተር ዳምን አትላንታ ላይ አሸንፎ ዋንጫውን ያነሣው ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት ነበር። በእነርሱ ዘንድ ሁለት ዓመት የያዘው በእኛ አንድ፣ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። ቀመር ሠርተው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እየቀነሰ ርእስ እንዲያወጣ ቢያደርጉ ግማሹን ያሳስተዋል። በርእሱና በመለጠፊያው ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አስቀድመው የአሜሪካኑን ዓመት እንዳለ ይተዉት፤ የኢትዮጵያውን ቀን በገጹ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ በእጅ ይጻፉት።