ጠጅ ወደ ሌላ ስቴት መላክ፦ ሕገ መንግሥቱ እስከ የት ያስጥልዎታል?

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ነው የምኖረው። ቤቴ ጠጅ እጥላለሁ። ስሙ ወጥቶ በሌሎች ስቴቶች ያሉ ሐበሾችም በቴሌግራም ያዙኛል፤ በፖስታ እልክላቸዋለሁ። ባለፈው ወር ከአንዱ ስቴት የአልኮል ተቆጣጣሪ ቢሮ ‹ያለ ፈቃድ ወደ ስቴታችን መላክ ያቁሙ፤ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ› የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። እዚያው ያሉት የወይን ጠጅ አምራቾች ግን በየሰው ቤት ይልካሉ። ስቴት የሌላ ስቴት ነጋዴን ማግለል እንደማይችል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስኗል ሲባል ሰምቻለሁ። መክሰስ እችላለሁ?»

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያልጻፉት ነው። ስለራስዎ ፈቃድ አንድም ቃል የለም። የስቴቶቹን ስም አልነገሩኝም። «በፖስታ» ያሉትንም እንደ ዋዛ አልፈውታል።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት (አንቀጽ 1፣ ክፍል 8) በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ለኮንግረስ ሰጥቷል። ፍርድ ቤቶች ከዚህ ተነስተው፣ ኮንግረስ ሕግ ባላወጣበት ጉዳይም ቢሆን ስቴት የራሱን ነጋዴ ለመጥቀም የውጭውን ማግለል አይችልም ብለዋል። በአልኮል ላይ ግን በ1933 የጸደቀው 21ኛው ማሻሻያ ለስቴቶች ሰፊ የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቷል። ሁለቱ የተጋጩበት መዝገብ የ2005ቱ ግራንሆልም ነው። ሚሺጋን የራሷ የወይን ጠጅ አምራቾች በቀጥታ ለሸማች እንዲልኩ ፈቅዳ የውጭዎቹን ከልክላ ነበር። ኒውዮርክ ደግሞ የውጭው አምራች መጀመሪያ እኔ ዘንድ ቢሮና መጋዘን ይክፈት ትል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ሁለቱንም ሻረ። በ2019ም የመጠጥ መደብር ፈቃድ ፈላጊ አስቀድሞ 2 ዓመት እዚህ ይኑር የሚለው የቴኔሲ ሕግ በ7 ለ2 ወድቋል።

ብዙ ደንበኛ የሚወድቅበት ጉድጓድ ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። ግራንሆልም የሻረው አድልዎን ነው። ፈቃድ አውጣ፣ ዓመታዊ ክፍያ ክፈል፣ የስቴቱን ግብር አስገባ፣ የላክኸውን ሪፖርት አድርግ፣ ካርቶኑን 21 ዓመት የሞላው ሰው ፈርሞ ይቀበል የሚል ሕግ ለአገሬውም ለውጭውም እኩል ከሠራ፣ በአብዛኛው ጸንቶ ይኖራል። ደብዳቤዎን እንደገና ይመልከቱት፤ «ያለ ፈቃድ» ነው የሚለው። የውጭ ሰው ፈቃድ አይሰጠውም አላለም። እነዚያ በየቤቱ የሚልኩት አምራቾች ፈቃድ አላቸው። እርስዎ መነጻጸር ያለብዎት እዚያው ስቴት ጓዳው ውስጥ ጥሎ ያለ ፈቃድ ከሚሸጥ ሰው ጋር ነው፤ እሱም ይከለከላል።

አድልዎ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የዚያን ስቴት ሕግ አውጥተው አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንዱ በኩል ከአገሬው አምራች የሚጠየቀውን፣ በሌላው ከውጭው የሚጠየቀውን ይጻፉ፦ የክፍያው መጠን፣ በዓመት መላክ የሚፈቀደው ብዛት፣ እዚያው ቢሮ የመክፈት ግዴታ፣ ለመደብርና ለሬስቶራንት በቀጥታ የመሸጥ መብት። ሁለቱ ረድፎች ከተለያዩ ለጠበቃ የሚያሳዩት ነገር አለዎት። አንዳንዴ አድልዎው ከሕጉ ቃል ላይ አይነበብም። ማሳቹሴትስ በዓመት ከ30,000 ጋሎን በላይ የሚያመርተውን አንድ ወጥ ገደብ ጥላበት ነበር። የራሷ አምራቾች ሁሉ ከዚያ በታች ስለነበሩ የተጎዱት የውጭዎቹ ብቻ ሆኑ፤ በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው።

ሕጉ ከባድ ነው፣ ወጪው በዛ የሚለው ክርክር ግን ሩቅ አያስኬድም። እኩል የሚሠራ ሕግ የሚያስከትለው ጫና ከጥቅሙ በግልጽ የበለጠ ከሆነ ይሻራል የሚል ከ1970 ጀምሮ የሚሠራበት መመዘኛ አለ፤ በእሱ የረታ ሰው ጥቂት ነው። የአሳማ አርቢዎች በዚሁ መመዘኛ ካሊፎርኒያን ከስሰው በ2023 ተሸንፈዋል። ቢረቱም ሌላ ነገር አለ። ስቴቱ አድልዎውን የሚያስተካክለው ለእርስዎ በመፍቀድ ብቻ አይደለም፤ ለአገሬውም በመከልከል ሊያስተካክለው ይችላል። ያኔ ፍርዱ በእጅዎ ሆኖ አንዲት ጠርሙስ መላክ አይችሉም።

አሁን ወዳልጻፉት ልመለስ። የፌዴራሉ ሕግ ለቤት ፍጆታ ጠጅ መጣልን ይፈቅዳል፤ አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላለበት 200 ጋሎን። መሸጥ ግን ጨርሶ አይፈቀድም። «ስጦታ ነው፣ ለጠርሙሱና ለድካሙ ነው የከፈሉኝ» ማለት አያዋጣም፤ ገንዘቡ የገባበት የዜል (በስልክ ገንዘብ መላላኪያው) መዝገብ እንዳለ ተቀምጧል። አልኮልን በፖስታ ቤት መላክ ደግሞ በፌዴራል ወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው። ፌዴክስና ዩፒኤስም የሚቀበሉት ፈቃድ ካለውና ከእነሱ ጋር ውል ከገባ ላኪ ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ስቴቱን ቢከሱ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ የእርስዎ ፈቃድ የት አለ የሚል ይሆናል፤ የሚጽፉት የክስ አቤቱታም በራስዎ ላይ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል።

ስለዚህ መላኩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ለደብዳቤው ራስዎ መልስ አይጻፉ፤ «ይህን ያህል ጊዜ ጠጁን ስልክ ማንም አልከለከለኝም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደ እምነት ቃል ትቆጠራለች። ስልክ ደውለውም አያስረዱ። የ30 ቀኑ ገደብ ሳያልፍ በዚያ ስቴት የአልኮል ፈቃድ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ይያዙ፤ መልሱን እሱ ይጻፈው። ደብዳቤውን ከነፖስታው፣ የመላኪያ ደረሰኞችን፣ የክፍያ መዝገቦችንና የጠርሙሱን ምልክት ፎቶ ሰብስበው ይዘው ይሂዱ። የቴሌግራሙን መልእክት ግን እባክዎ አያጥፉ፤ ማስረጃ ማጥፋት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ሕጋዊው መንገድ ከሚያስቡት ይልቅ ይደረስበታል። ከተማው በዞኒንግ (የትኛው ቦታ ለምን ሥራ እንደሚውል በሚወስነው ደንብ) የሚፈቅደው፣ ከመኖሪያ ክፍልዎ የተለየ ቦታ ያግኙ። ኪራይ ከመፈረምዎ በፊት የዞኒንግ ቢሮውን መልስ በጽሑፍ ይያዙ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ከዚያ የስቴትዎን የአምራች ፈቃድና ቲቲቢ የሚባለውን የፌዴራል የአልኮልና የትምባሆ ቢሮ ፈቃድ ይጠይቁ። ቲቲቢ ማመልከቻውን በነፃ ነው የሚቀበለው። እስከ 16 በመቶ አልኮል ባለው ጠጅ ላይ የፌዴራሉ ቀረጥ በጋሎን 1 ዶላር ከ07 ሳንቲም ነው፤ ለመጀመሪያው 30,000 ጋሎን የሚሰጠው ቅናሽ ወደ 7 ሳንቲም ያወርደዋል።

ጌሾው ላይ ይጠንቀቁ። የፌዴራሉ ደንብ በማር ጠጅ ውስጥ ሆፕ (ቢራን የሚያመረው ተክል) ይፈቅዳል፤ ለ1,000 ፓውንድ ማር ከ1 ፓውንድ ያልበለጠ። ጌሾ ሆፕ ስላልሆነ በዚህ ፈቃድ አይሸፈንም፤ ጠጁ ከመጣሉ በፊት የአሠራር ቀመሩን አቅርበው ማስጸደቅ ይኖርብዎታል። ምልክቱም የሚጸድቀው ከቀመሩ በኋላ ስለሆነ ቀድመው አያሳትሙ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው በየስቴቱ የቀጥታ ላኪ ፈቃድ የሚጠየቀው። ማመልከቻዎ የውጭ አምራች ስለሆኑ ብቻ ውድቅ ከተደረገ፣ ያን ጊዜ የግራንሆልም ክርክር በእጅዎ ነው። ውድቅ የተደረገበትን ደብዳቤ ይዘው ይምጡ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ዜጋ ነዎት ወይስ በግሪን ካርድ ላይ? አልነገሩኝም። ጉዳዩ ወደ ወንጀል ከዞረና «ቀላል ቅጣት ነው፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም» ከተባሉ፣ ቅጣቱ ትንሽ ቢሆንም የዜግነት ማመልከቻዎን ሊያሰናክል ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወረቀቱን ይየው።